ኢንስፔክተር ጉልን እንዴት ልተንትነው?

የጄ. ቢ. ፕሪስትሊን «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» ተውኔት ለክፍል እየተነተንኩ ነው። የፖሊስ መርማሪ ነኝ ብሎ የሚመጣው ኢንስፔክተር ጉል ላይ ስደርስ ጽሑፌ ቆመ። ታሪኩ በ1912 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ነው። ሰውየው ኢቫ ስሚዝ የምትባል ወጣት ራሷን አጠፋች ብሎ የሀብታሞቹን የበርሊንግ ቤተሰብ ያፋጥጣል። ፎቶዋን እንኳ ለሁሉም እኩል አያሳይም፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ያሳይና መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

የደራሲው አፈ ቀላጤ ነው ብዬ ጀመርኩ። እንዲህ ስለው ግን ያ ሁሉ የሚያስፈራ ነገሩ ይጠፋል። መንፈስ ነው ስል ደግሞ የቤተሰቡ ጥፋት ወደ ጎን ይቀራል፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ እውነተኛ ፖሊስ እንዳልሆነ ሲታወቅ አባትየው እፎይ ይላል። ልጆቹ ሺላና ኤሪክ ግን እንደተረበሹ ናቸው።

ታዲያ ፖሊስ ካልሆነ፣ በእነሱ ላይ ያለው ሥልጣን ከየት የመጣ ነው ብዬ ልተንትነው?