ለአንድ የዘር ኮርማ እስከ ስንት ይከፈላል?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ጎረቤታሞች ነን፤ ላሞቻችን ሲደመሩ 30 ናቸው። የጋራ ኮርማ ልንገዛ ገንዘብ አዋጣን፣ ከዚያ ዋጋው ላይ ተጣላን። ሁለት ኮርማ አይተናል። አንዱ ዘሩ የተመዘገበ፣ ዓይን የሚሞላ ነው። ሻጩ የ9 ጡት የጣሉ ጥጆች ዋጋ ጠራብን። ሌላው ከተራ መንጋ የወጣ ነው፤ በ3 ጥጃ ዋጋ ይለቀዋል። በጥጃ የማወራው ገንዘቡ በየቦታው ስለሚለያይ ነው። ግማሾቻችን «ዘር ላይ አይቆጠብም» እንላለን። ግማሾቹ «ለአንድ እንስሳ ይህን ሁሉ? አብደናል እንዴ!» ይላሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለበረቱ፦ 3ቱን ከፍላችሁ ተገላገሉ። ላሞቹን ካስረገዘ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? ያን ሁሉ ከፍላችሁ በሳምንቱ እግሩ ቢሰበርስ? ውድ ኮርማም ይሞታል።

ወተት ሻጯ፦ እኔ አልስማማም። መጥፎ ላም የምታበላሸው የራሷን ጥጃ ነው። መጥፎ ኮርማ ግን የዓመቱን ጥጆች በሙሉ ነው። ጊደሮቹን ለራሳችሁ የምታስቀሩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጥጃዋ ግማሽ ደም ከአባቷ ነው፣ በእናቷ በኩል ደግሞ የቀድሞው ኮርማ አለ። ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ከመንጋው ደም ከስምንት ሰባቱ እጅ የመጣው ከሦስት ኮርማዎች ነው። ባለበረቱ «ኮርማ ኮርማ ነው» ዓይነት ነገር እያልክ ነው፣ አይደለም።

ሂሳብ ወዳዱ፦ ዋጋውን ብቻውን አትዩት፣ ለሚወለዱት ጥጆች አካፍሉት። ኮርማው 3 ዓመት ያገልግል እንበል። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት የገዛ ሴት ልጆቹ ለድቀላ ይደርሳሉ፣ ራሱ ያጠቃቸዋል። የዓመት ቀለቡና ሕክምናው 1 ጥጃ ያህል ይፍጅ። ሲያረጅ ለሥጋ በ2 ጥጃ ዋጋ ይሸጥ። ከ30 ላም 80 በመቶው ቢወልዱ በዓመት 24፣ በ3 ዓመት 72 ጥጃ ነው።

ውዱ፦ 9 ሲደመር 3 ሲቀነስ 2፣ 10 ጥጃ ፈጀ። ርካሹ፦ 3 ሲደመር 3 ሲቀነስ 2፣ 4 ፈጀ። ልዩነታቸው 6 ጥጃ ነው። ለ72 ሲካፈል ከ12 አንድ እጅ፣ ማለትም 8 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ጥያቄው «9 ብዙ ነው ወይ?» አይደለም። «የዚህ ኮርማ ጥጃ ከዚያኛው ጥጃ በ8 በመቶ ይሻላል ወይ?» ነው። ወይም ደግሞ በዓመት 2 ጥጃ ጨምሮ ያስወልዳል ወይ?

አሁን ያንኑ 6 ላም ብቻ ላለው ሰው አስሉት። በ3 ዓመት የሚያገኘው 14 ጥጃ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ40 በመቶ በላይ ይሆናል። ያን የሚመልስ ኮርማ የለም። ለብቻው ላለ ሰው ባለበረቱ ትክክል ነው፣ ለ30 ላም ግን ተሳስቷል።

ባለበረቱ፦ ወረቀት ላይ ሁሉም ያተርፋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! 80 በመቶ ይወልዳሉ ያለህ ማነው?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ይቺ የባለበረቱ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ጨርሶ የማያስረግዝ ኮርማ ጥቂት ነው፣ ደግሞም ቶሎ ይታወቃል። ኪሳችሁን የሚያራቁተው በከፊል የሚሠራው ነው። ላም ላይ ይወጣል፣ ሁሉም ያየዋል፣ «ጎበዝ ነው» ይባላል። ላሞቹ ግን በ21 ቀናቸው ተመልሰው ይደራሉ። ዓመቱ ያልቃል፣ ከ24 ይልቅ 18 ይወለዳል። በ3 ዓመት 18 ጥጃ ጎደለ ማለት ነው። እናንተ የምትጣሉት ስለ 6 ጥጃ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ይመርመር። መጀመሪያ ሲራመድ ከኋላው ቆማችሁ እዩት። ላም ላይ ሲወጣ ክብደቱን የሚሸከሙት የኋላ እግሮቹ ናቸው። አንዱን ከሳበ ወይም ኮቴው ረዝሞ ከተጠማዘዘ ያመዋል፣ ያመመው ኮርማ ደግሞ አይወጣም። ከዚያ ቆለጡ ይዳሰሳል። ሁለቱም እኩል፣ ጠንከር ያሉና ከረጢቱ ውስጥ እንደልብ የሚንሸራተቱ መሆን አለባቸው። ዙሪያው በሜትር ይለካል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ 2 ዓመት ላለፈው ቢያንስ 34 ሳንቲሜትር ነው፣ አነስተኛ ዝርያ ላይ ዝቅ ሊል ይችላል። በመጨረሻ ዘሩ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ቢያንስ 30 በመቶው ወደፊት የሚዋኝ፣ 70 በመቶው ቅርጹ ያልተበላሸ መሆን አለበት።

ሌላም ልጨምር። ጠያቂው «ዓይን የሚሞላ» ብለዋል። እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። ለገበያ ተብሎ የደለበ ኮርማ ከቆለጡ በላይ ስብ ይቋጥራል። ቆለጥ ደግሞ ከሰውነቱ ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፣ ለዚህ ነው ተንጠልጥሎ የተሠራው። ስቡ ካሞቀው ዘሩ ይበላሻል። ዛሬ የሚወጣው ዘር መሠራት የጀመረው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ነው። ባለፈው ወር ትኩሳት የነበረበት ኮርማ ዛሬ ጤነኛ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል።

ጠያቂው፦ ዶክተር እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጨምር፤ የውዱ ኮርማ እናት በቀን ከበረቱ አማካይ በ10 ሊትር የምትበልጥ ናት ተብለናል። ይህ ብቻውን 9 ጥጃ አያወጣም?

ሂሳብ ወዳዱ፦ ያ 10 ሊትር በሙሉ ወደ ልጅ ልጅ አይሄድም። በወተት ላይ የሚወረሰው ድርሻ በተለምዶ 0.3 አካባቢ ተደርጎ ይሰላል፤ የቀረው መኖ፣ አያያዝና ዕድል ነው። ስለዚህ ከ10 ውስጥ 3 ሊትር የዘር ነው። ኮርማው የዚያን ግማሽ ይወርሳል፣ 1.5። የእናንተ ጊደር ከእሱ ግማሹን ትወስዳለች፤ ሦስት ሩብ ሊትር ቢደርስ ነው። እሱም እናንተ ቤት እንደዚያ በረት ከተቀለበች። በተራበች ላም ላይ ጥሩ ዘር ምን ያደርጋል?

ወተት ሻጯ፦ ወንድሜ፣ ሦስት ሩብ ሊትር ስትል አቃለልካት። በቀን ነው እኮ! በአንድ የወተት ዘመን ከ200 ሊትር በላይ ነው፣ በአሥር ጊደር ደግሞ አስበው። ሁልጊዜ ጥጃ ሽጣችሁ ገንዘብ ከምትቆጥሩ ወተቱንም ቁጠሩት። እኔ ለማረጋገጫ ተጨማሪ ብከፍል አይቆጨኝም። ብቻ «እናቱ እንዲህ ናት» የሚል ወሬ አልገዛም። የታለበችበትን መዝገብ አሳዩኝ፣ እህቶቹንም ልያቸው።

አዳቃዩ፦ ሁላችሁም ስለ አንድ ኮርማ ትነታረካላችሁ። 9 ጥጃ ከከፈላችሁ ለምን አባለዘር፣ ማለትም አዳቃይ ላሟ ውስጥ የሚያስገባውን የኮርማ ዘር፣ አትገዙበትም? ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተቀምጦ ዓመታት ይቆያል። ልጆቹ ተመዝነው የተረጋገጠለትን ኮርማ ዘር ታገኛላችሁ። ቀለብ የለ፣ ወጊ ቀንድ የለ፣ በሽታ ከበረት በረት ማመላለስ የለ። በየዓመቱ ሌላ ኮርማ ትመርጣላችሁ፣ የዘመዳሞች ድቀላም አያሰጋችሁም።

ወተት ሻጯ፦ አዳቃይ በሰዓቱ ከመጣ! ላሟ ቆማ የምታስወጣው ግማሽ ቀን ላልሞላ ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ነው። ደውዬ ደውዬ በነጋታው ከሰዓት የተመጣልኝ ጊዜ አለ። 21 ቀን መጠበቅ ነው እንግዲህ። ኮርማ ግን ስልክ አይዘጋም።

ባለበረቱ፦ «የተረጋገጠ» የምትሉትም ነገር ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። በ1962 የተወለደ ፓውኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ የሚባል ዝነኛ የሆልስታይን ኮርማ ነበር። 16 ሺህ ሴት ልጆች ወለደ። በኋላ ሲጠና ደሙ ውስጥ ጽንስ የሚገድል ጉድለት ይዞ ተገኘ። በዓለም ዙሪያ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ጽንሶች እንደጨነገፉበት ተገምቷል።

አዳቃዩ፦ ታሪኩን ሙሉውን ንገራቸው እንጂ። የዚያው ኮርማ ዘር በወተት ያስገኘው ጥቅም ከጉዳቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል ብለው ያሰሉትም እነዚያው ተመራማሪዎች ናቸው። ዛሬ ያ ጉድለት በምርመራ ይለያል። ከጎረቤት የተገዛ የ3 ጥጃ ኮርማ ምን እንደያዘ ግን ማን ያውቃል?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ የአባላዘር በሽታውን እንዳትረሱት። ትሪኮሞኒያሲስና ቪብሪዮሲስ ኮርማው ላይ ምንም ምልክት አያሳዩም። ላሞቹ ግን ይጨነግፋሉ ወይም ደጋግመው ይደራሉ። ብዙ መንጋ ውስጥ የዞረ ትልቅ ኮርማ ርካሽ ሆኖ ከቀረበላችሁ «ለምን ሸጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጽንስ ለሚያስወርደው ለብሩሴሎሲስ በሽታም ደሙ ይመርመር። በነገራችን ላይ የሁለቱ ዕድሜ ስንት ነው?

ጠያቂው፦ ርካሹ 5 ዓመት። ውዱ 18 ወር።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ይኸውላችሁ! የ18 ወር ኮርማ ላይ 30 ላም ይጫናል እንዴ? ልማዱ ለእያንዳንዱ የዕድሜው ወር አንድ ላም ነው፤ 18 ላም ቢበዛ። 25 እና 30 የሚችለው የጎለመሰው ነው። ለሱም ዕድሜ የቆለጡ መለኪያ ከ31 እስከ 32 ሳንቲሜትር ነው። የ5 ዓመቱን ደግሞ ሳላስመረምር በነፃም አልወስደው።

ሂሳብ ወዳዱ፦ እንግዲያስ ሂሳቤ ይስተካከል። የመጀመሪያው ዓመት 14 ጥጃ፣ ከዚያ 24፣ 24። ወደ 62 ወረደ። ልዩነቱ 10 በመቶ ገደማ ሆነ። የተረፉት 12 ላሞች የመጀመሪያውን ዓመት በአዳቃይ ይሂዱ። በአርቢዎች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ የኮርማ ዋጋ የ5 ጥጃ ዋጋ ነው የሚል። ሕግ አይደለም። እኔ ግን ለወጣቱ ኮርማ ከ6 አላልፍም።

ኮርማ አርቢው፦ እኔም ልግባ፣ ሁላችሁም የሻጩን ኪስ እያያችሁ ነው። ከአሥር ወይፈን ስምንቱን አኮላሽቼ ሁለቱን ነው ለዘር የማስቀረው። መዝገቡን ለዓመታት የያዝኩት በነፃ አይደለም። 9 ቢባል አልገረምም።

ወተት ሻጯ፦ ጋሼ፣ ድካምዎ ይከፈላል። ግን ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ላሞቹ ታይተው ማርገዛቸው ሲረጋገጥ ቢከፈልስ? በዘሩ ከተማመኑ ምን ያስፈራዎታል?

ኮርማ አርቢው፦ የሚያስፈራኝማ እናንተ ናችሁ። የ18 ወር ልጅ 30 ላም መሀል ትለቁትና ከስቶ እግሩን ሲስብ «ዘሩ አልሠራም» ትሉኛላችሁ። ሦስት ወር ተጠቅማችሁ ልትመልሱልኝ? አይሆንም። ከ18 ላም በላይ እንደማይገባበት ከተፈራረምን፣ ከሁለት ወር በኋላም በሐኪም ከታየ፣ ሲሶውን እስከዚያ ባቆየው አልከፋም። ጉዳትና ስብራት ግን በእናንተ።

ጠያቂው፦ ዛሬ ማታ ስድስታችንም እንሰበሰባለን። 6 ጥጃ እናቀርባለን፤ ሲሶው እርግዝናው ሲታይ ይከፈላል። የምርመራው ወጪ ኮርማው ካለፈ በእኛ፣ ከወደቀ በሻጩ። 7 ካለን እናስብበታለን። 9 ላይ ከቆመ ግን በአዳቃይ ጀምረን ሌላ እንፈልጋለን። ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል፦ 10 ላም ያለው ሰውዬ «ከሁላችሁ ዕጥፍ የማስጠቃው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ኮርማው እኔ በረት ይደር» ይላል፣ 2 ላም ያላት ጎረቤታችን ደግሞ እኩል አላዋጣም ብላለች።

ሂሳብ ወዳዱ፦ መዋጮውም ቀለቡም በላም ቁጥር ይከፈል። እሷ 2 ላም ካላት ከ30 ሁለት እጅ ትክፈል። እሱም ኮርማው በረቱ ስላደረ ብቻ ተራ እንዳይዘል፣ ስትደራ ቀድማ የተመዘገበች ላም ቅድሚያ ታግኝ።