የልጄ ባል ዘሩ ከአየርላንድ ነው፤ ሰባት ቤት ለመሙላት ከየት ልጀምር?

ጡረተኛው (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። 31 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ቦስተን ናት፤ ባሏ እዚያው የተወለደ፣ ዘሩ ከአየርላንድ የሆነ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄን ይዘው መጡ። ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ሰባት ቤት አስቆጥራት ጀመር። በእናቷ በኩል ሰባቱንም እንደ ውሃ ጠጣቻቸው። በአባቷ በኩል ግን አምስተኛው ላይ ቆመች። «ከዚያስ?» አለችኝ። አባቷን ባየው እሱም መሬት መሬት ያያል።

ከአገሩ የወጣው ያ አምስተኛው ነው። ዳንኤል ይባላል፤ የቤተሰብ ስሙ ሰሊቫን። ከኮርክ ተነስቶ በ1880ዎቹ ቦስተን ሲገባ ገና ጎረምሳ ነበር አሉ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ከእሱ የቀረው አንድ የጸሎት መጽሐፍ ነው። ልጄ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ቀለሙ የቡና አተላ መስሏል። «ባሊ» ብሎ ይጀምርና ወረቀቱ የታጠፈበት ላይ ቀሪው ተፍቋል።

አንድ ወዳጄ «የደብሊኑ መዝገብ ቤት በ1922 ተቃጥሏል፣ አትድከም» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ስጠብቅ ኖሬ ይህን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ምን ተርፎ ይሆን? ከየት ልጀምር?

የሸገር ልጅ

ጋሼ፣ አማችዎ ዲኤንኤ ይመርመር። ምራቅ መላክ ብቻ ነው።

ከደብሊን

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዲኤንኤ የሩቅ ዘመድ ያገናኛል፤ የቅድመ አያትን ስም ግን አይናገርም። እሱ ይቆይ።

በአየርላንድ አይጀምሩ፣ በቦስተን ይጀምሩ። ማሳቹሴትስ ከ1841 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ትመዘግባለች። ልጅዎ የዳንኤልን የሞት መዝገብ ታውጣ። የወላጆቹ ስም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ አለ። በተለይ የእናቱን የቤተሰብ ስም ይያዙ። ኮርክ ውስጥ ዳንኤል ሰሊቫንን መፈለግ ጅማ መርካቶ መሐል ቆሞ «መሐመድ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። የእናት ስም ሲጨመርበት ግን ጥቂት ሰው ይቀራል። አንዱ ጸሐፊ ሰሊቫን፣ ሌላው ኦሰሊቫን ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱንም ይሞክሩ።

አየርላንድ የሁሉንም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረችው በ1864 ነው። ጎረምሳው ከዚያ ወዲህ ከተወለደ አይሪሽ ጂኒዮሎጂ ዶት አይኢ ላይ በነጻ ይፈልጉት።

ቃጠሎው እውነት ነው። የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ፎር ኮርትስ በሚባለው የደብሊን ፍርድ ቤቶች ግቢ የነበረው መዝገብ ቤት ነደደ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች በአብዛኛው ያኔ ጠፉ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ግን እሳት አልበላቸውም፤ መንግሥት ራሱ ነው ያስወገዳቸው። ይሄ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። የካቶሊክ ክርስትና መዝገቦች በየደብሩ ስለነበሩ ተርፈዋል። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ከ2015 ጀምሮ ፎቷቸውን በነጻ ለቋል። አንዳንዱ በላቲን ነው፣ አይደንግጡ። የክርስትና አባትና እናት ስም ካዩ ይመዝግቡት፤ ብዙ ጊዜ አጎትና አክስት ናቸው።

«ባሊ» የመንደር ስም መነሻ ነው። በአገሬው ቋንቋ የመኖሪያ ቦታ እንደ ማለት ነው፤ በእሱ የሚጀምር መንደር እጅግ ብዙ ነው። ሙሉውን ካገኙ የግሪፊዝ ግምት የሚባለውን ይዩ። ከ1847 እስከ 1864 የወጣ የመሬትና የቤት ግብር ግምት ነው፤ በየመንደሩ ቤት የያዘውን ሰው በስሙ ይዘረዝራል።

ጡረተኛው (ጅማ)

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። አምስት ሳምንት ፈጀብን፤ ግን ስድስተኛውን አገኘነው!

የሞት መዝገቡ ላይ የእናቱ የቤተሰብ ስም ክሮውሊ ይላል። በዚያ ስንፈልግ የ1867 ልደት ወጣ። መንደሩም በ«ባሊ» ይጀምራል፤ ከጸሎት መጽሐፉ ላይ ከተረፉት ፊደላት ጋር ገጠመ። አባቱ ጆን ነው፣ ዮሐንስ። ልጁን ያስመዘገበው እሱ ነው፤ በፊርማው ቦታ የኤክስ ምልክት አለ፤ መጻፍ አይችልም ነበር። እኔ ስንት ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ሲፈርም አይቻለሁ። ያቺን ኤክስ ሳይ እንባዬ መጣ። ሰውዬው ፊቴ የቆመ መሰለኝ።

ሰባተኛው ግን እንዴት ይገኛል? እኛ ጋ የአያት ስም ሦስተኛ ሆኖ ይከተላል። እነሱ ጋ ሰሊቫን፣ ሰሊቫን፣ ሰሊቫን ነው።

ከደብሊን

እልል! ጋሼ፣ የዳንኤልን ታላላቅ ወንድሞች ይፈልጉ። በዚያ ዘመን የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም መጠራቱ የተለመደ ነበር። ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ጡረተኛው (ጅማ)

የመጀመሪያው ልጅ በ1861 ክርስትና ተነስቷል። ቄሱ በላቲን «ጄሬሚያስ» ብለው ጽፈዋል፤ የእኛው ኤርምያስ ነው። በግሪፊዝ መዝገብም እዚያው መንደር ቤት የያዘ አንድ ኤርምያስ ሰሊቫን አለ። ስድስቱን በእስክሪብቶ፣ ሰባተኛውን በእርሳስ ለልጅ ልጄ ጻፍኩላት። የዚያ የመጀመሪያው ልጅ የክርስትና አባትም ሰሊቫን ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለችው ቃል ግን አልነበብ አለችኝ። ፎቶውን አያይዣለሁ፤ ላቲን የምታውቁ እዩልኝ።