አመዛዛኝ ድርሰቴ «ስሜት እንጂ ሙግት የለውም» ተባለ፤ ምን ላድርግ?

የአራዳዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ ተብለን «ባጃጅ በፋሲል ግቢ ዙሪያ ይከልከል» የሚል ርዕስ መረጥኩ። ረቂቄ ሲመለስልኝ ከላይ ያለው ተጽፎበታል። ጉዳዩን ከልቤ ነው የማምንበት፤ የጎደለው ግን አልገባኝም። መግቢያዬ ይኸው፦

«ፋሲል ግቢ የጎንደር ኩራት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ባጃጅ በአካባቢው ዝር ማለት የለበትም። ይህን የማይቀበል ቅርሱን የማይወድ ብቻ ነው።»

ማክሰኞ አስረክባለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ ማስረጃሽ እውነት ነው። ችግሩ ከአቋምሽ ጋር አለመገናኘቱ ነው። መመዝገቡ ቅርሱ ክቡር መሆኑን ያሳያል። ባጃጅ ምን አጠፋ ለሚለው ግን መልስ አይሰጥም። በዚያው ማስረጃ «በአካባቢው ሠርግ አይደገስ» ማለትም ይቻላል እኮ! በማስረጃውና በአቋሙ መካከል «እንዴት?» ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊለት።

ንዝረቱ ግንቡን ያናጋል ልትዪ አስበሽ ከሆነ፣ ያጠና ሰው ካላገኘሽ ተዪው። ይልቅ ቅዳሜ ጠዋት መግቢያው በር አጠገብ ቁሚ። ስንት ባጃጅ እንደቆመ ቁጠሪ፤ እግረኛው በየት በኩል እንደሚያልፍ እዪ። ያየሽውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፊ። ጎንደር ላይ ተቀምጠሽ ይህን ማስረጃ የሚከለክልሽ የለም።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰርዢው። ሐሳቡን ትተሽ ሰውየውን ነው የነካሽው።

የማታ ተማሪ፦
እህቴ፣ እኔ ቀን ባጃጅ እየነዳሁ ማታ እማራለሁ። ጽሑፍሽን ሳነብ ገና አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተናደድኩ። ፋሲልን እኔም እወደዋለሁ፤ እንግዳ ሳሳፍር መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

የእኛን ወገን ክርክር ልስጥሽ። አንደኛ፣ እዚያ የምንቆመው ሰው ስላለ ነው፤ ብንነሳ ገቢያችን ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ እግራቸው የማይችል አዛውንት አሉ። እነሱን ማን ያደርሳቸዋል? ለእነዚህ መልስ ከሌለሽ እኔን አታሳምኚኝም።

የሕግ ተማሪ፦
ከላይ ያለው ወንድማችን የሰጠሽ ወርቅ ነው። የድሮው በላ ልበልሃ ሙግት ያማረው ባላንጣ ፊት ለፊት ስለሚቆም ነው። የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚልበት መንገድ ጻፊው። አዳክመሽ ከጻፍሽው ያሸነፍሽው ማንንም አይደለም። እውነት ያለበትን እመኚ፤ ከዚያ የአንቺ ሐሳብ ለምን እንደሚያመዝን አሳዪ።

ደግሞ «ይከልከል» በጣም ሰፊ ነው። የት? በስንት ሰዓት? ማለፍ ነው መቆም? ሲጠብ ለመከላከልም ይቀልሻል።

የአራዳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እንዲህ ቀየርኩት፦

«ባጃጆች በፋሲል ግቢ መግቢያ በር ፊት ተራ ይዘው መቆማቸው ሊቀር ይገባል። በቆሙት ባጃጆች በሩ ሲዘጋ ተማሪውም ጎብኚውም ወደ መኪና መንገዱ ይወጣል። ሹፌሮች ገቢያችን ይቀንሳል ይላሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም የግቢው ዙሪያ አጥር በጠቅላላ 900 ሜትር ያህል ነው። ተራው ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ተሳፋሪው ጥቂት ተራምዶ ያገኛቸዋል። አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ግን በሩ ድረስ መጥተው ይውረዱ፤ የሚቀረው ቆሞ መጠበቁ ብቻ ነው።»

ጡረተኛ መምህር፦
እሰይ! አሁን ሙግት ሆነ። «በሩ ሲዘጋ» ያልሽው ላይ የቅዳሜውን ቆጠራ ጨምሪ። የሹፌሮቹን ሐሳብና መልስሽን ለብቻቸው አንቀጽ አድርጊያቸው፤ መግቢያ ውስጥ ታፍነዋል። ዩኔስኮንም አትጣይው። በር ፊት ያለው ሥርዓት ለምን ከሌላ መንገድ የበለጠ እንደሚያሳስብ ስታስረጂ ይጠቅምሻል።

የማታ ተማሪ፦
በዚህኛው ግማሽ በግማሽ ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ቀርቷል፤ አዲሱ ተራ የት እንደሚሆን በስሙ ጻፊ። «ፈቀቅ ይበል» ብቻ ከሆነ እኔ የምሰማው «ተነሳ» የሚለውን ነው። ቅዳሜ ስትቆጥሪ እዚያ ያሉትን ልጆችም ጠይቂያቸው፤ ቦታውን ከማንም በላይ ያውቁታል።