ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት የደከመ እጅን ያግዛል? ቪዲዮውስ እንዴት ይቀረጽ?

ፊዚዮ_ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስትሮክ ካጋጠማቸው ሦስት ወር የሆናቸው አዛውንት ታካሚ አሉ። ቀኝ እጃቸው መጨበጥ ጀምሯል፣ ጣታቸውን መዘርጋት ግን ይቸግራቸዋል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ እያዩ ያንኑ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ማድረግ ተፈልጓል፤ ቤት ውስጥ የሚያሠራቸው ቤተሰብ ነው። ማየት ብቻውን እንቅስቃሴ የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ይነካል የሚባለው በምን ታወቀ? ቪዲዮውስ ከየት አቅጣጫና ለምን ያህል ጊዜ ይሁን? ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት በሹካና በቢላ ሲበላ የሚያሳዩ ናቸው።

ነርቭና_ጡንቻ፦
የመጀመሪያውን ልመልስ። መነሻው ጣሊያን ውስጥ ፓርማ ዩኒቨርሲቲ የጃኮሞ ሪዞላቲ ቡድን በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግኝት ነው። በማካክ ጦጣ አንጎል ኤፍ5 በተባለው የፕሪሞተር (እንቅስቃሴን የሚያዘጋጅ) ክፍል ውስጥ፣ ጦጣው ራሱ ምግብ ሲያነሳም ሰው ሲያነሳ ሲያይም የሚነቁ የነርቭ ሴሎች ተገኙ። በ1995 ሉቺያኖ ፋዲጋና ባልደረቦቹ ሰው ላይ ሞከሩት። ተሳታፊው ዕቃ ሲጨበጥ እያየ የሞተር ኮርቴክሱ (እንቅስቃሴ የሚያዘው የአንጎል ክፍል) በማግኔት ሲነቃ፣ ከእጁ ጡንቻ የሚመዘገበው ምላሽ ከወትሮው ከፍ አለ፤ ያውም ራሱ ቢጨብጥ በሚሠሩት ጡንቻዎች ላይ።

ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅሙት ግን ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው። ምላሹ የሚታየውን እጅ ደረጃ በደረጃ ይከተላል፦ ጣቶቹ ሰፋ ብለው ሲከፈቱ ይጨምራል፣ ሲዘጉ ይቀንሳል። ከባድ ዕቃ ሲነሳ ማየትም ቀላል ዕቃ ሲነሳ ከማየት የበለጠ ያነቃል። ስለዚህ ባዶ ሲኒ ይዞ የሞላ ማስመሰል አያዋጣም።

እያየን እጃችን ለምን አይንቀሳቀስም ለሚል፦ ከፕሪሞተር ወደ አከርካሪ ከሚወርዱት ሴሎች የተወሰኑት፣ ሌላው ሲሠራ በማየት ጊዜ እንዲያውም ጸጥ ይላሉ። ይህ በ2009 በጦጣ ላይ ታይቷል። ዝግጅቱ ከላይ አለ፣ ትእዛዙ ግን ወደ ጡንቻ አይለቀቅም።

አንድ ማሳሰቢያ። «ሚረር ኒውሮን» (ከላይ ያልኳቸው፣ ሲሠሩም ሲያዩም የሚነቁት ሴሎች) ስለ ርኅራኄም ስለ ኦቲዝምም ሁሉን ነገር ይፈታል ተብሎ ብዙ ተጋኗል። ለታካሚ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይደለም። በስትሮክ ሕክምና ጥቅሙ አለ፤ መጠነኛ ነው፣ መደበኛውን ፊዚዮቴራፒም አይተካም።

እጅ_ቴራፒ፦
ሹካና ቢላውን ይተዉት። በ2005 የባሌትና የካፖኤራ (የብራዚል የትግል ዳንስ) ዳንሰኞች አንጎል ሲታይ፣ እያንዳንዱ ቡድን ይበልጥ የነቃው የራሱን ዳንስ ሲያይ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ለበሉ ሰው እንጀራ መቁረስ ይሻላል። በአራት ይክፈሉት፦ እጅን ወደ ትሪው መስደድ፣ ጫፉን ይዞ መቁረስ፣ ወጡን መጠቅለል፣ ወደ አፍ መውሰድ። የተለመደው አሠራር እያንዳንዱን ቁራጭ 3 ደቂቃ ደጋግሞ ማየት፣ ወዲያው 2 ደቂቃ መሥራት ነው። ድምሩ 20 ደቂቃ ይሆናል።

ቀረጻው በራሳቸው ዓይን እንደሚያዩት ይሁን። ስልኩን እንጀራውን ከሚቆርሰው ሰው ቀኝ ትከሻ በላይ በማቆሚያ አስረው ወደ ታች ያዘንብሉት፤ ክንድ፣ እጅና ትሪ ብቻ ይታዩ። ፊት ከገባ ዓይን ወደዚያ ይሄዳል። የሚሠራው ቀኝ እጅ መሆን አለበት። በሰልፊ ካሜራ አይቅረጹ፤ አንዳንድ ስልክ ምስሉን ገልብጦ ስለሚያስቀምጥ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ፍጥነቱ የተፈጥሮ፣ ሙዚቃ የሌለው ይሁን። ከሁሉ በላይ ጎላ ብሎ መታየት ያለበት እጁ እንጀራው ጋ ከመድረሱ በፊት አውራ ጣት ከሌሎቹ የሚለይበት ቅጽበት ነው። እሳቸው የቸገራቸው እሱ ነውና፣ ብዙ ቀራጭ ደግሞ መቁረሱን አጉልቶ እሱን ይቆርጠዋል።

ቤት ውስጥ ዋናው ብልሽት ቪዲዮው እንደ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ወሬ መቀጠሉ ነው። አስቀድሞ «አባባ፣ አሁን የሚያዩትን ቀጥለው እርስዎ ይሠሩታል» ይባሉ፤ ለመሥራት አስቦ ማየት ዝም ብሎ ከማየት የበለጠ ያነቃል። 20 ደቂቃው ካደከማቸው ጠዋትና ከሰዓት ይከፋፈል።

ቀኝ እጅ ሲደክም ጉዳቱ በአብዛኛው በግራ አንጎል ነው፤ ስለዚህ ሦስት ነገር ይፈትሹ። ንግግር የመረዳት ችግር ካለ መመሪያውን በምልክት ያሳዩ። የቀኝ እይታ ከጎደለ ስልኩን ከመሃል ወደ ግራ ሳብ ያድርጉት። በደህናው እጃቸውም ያዩትን መድገም ካልቻሉ ችግሩ የጡንቻ ድካም ብቻ ስላልሆነ፣ መጀመሪያ አፕራክሲያ (ጡንቻው ሳይደክም አንጎል እንቅስቃሴን ማቀናጀት ሲያቅተው) መኖሩን ይመርመሩ።

ፊዚዮ_ደሴ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። በ2ቱ ደቂቃ ጣታቸው ጭራሽ ባይከፈትስ? ማየቱ ብቻ ይቀጥል?

እጅ_ቴራፒ፦
2ቱ ደቂቃ አይዘለል፤ ረዳት ያግዛቸው። ክርናቸው ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ የእጅ አንጓቸው ወደ ታች ይታጠፍ፤ ያኔ ጣት አጣፊዎቹ ጅማቶች ይላላሉ። ከዚያ አውራ ጣትን ከሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ መክፈት። የጣት ጫፍ አይጎተት። ክንዱም በእጅ ተይዞ ወደ ላይ አይሳብ፤ የላላ ትከሻ በቀላሉ ይጎዳል።

ነርቭና_ጡንቻ፦
ማየቱ ብቻውንም ከንቱ አይደለም። በ2014 በወጣ ጥናት የጤነኞች እጅ ለ10 ሰዓት ታስሮ ሳለ የእጅ እንቅስቃሴ ሲያዩ የቆዩት፣ የእጁ ካርታ (እጁን የሚያዘው ቦታ ስፋት) በሞተር ኮርቴክሳቸው ላይ አልጠበበም፤ በሐሳባቸው ብቻ ሲለማመዱ የቆዩት ግን ጠቦባቸዋል። ለውጡን ለመከታተል በየሳምንቱ በአንድ ቦታና አቀማመጥ፣ እጃቸውን ሲከፍቱ በአውራና በአመልካች ጣት ጫፍ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተው በሴንቲ ሜትር ይመዝግቡ።