በኦቨን የሚጋገር የቆስጣና የአይብ ማጥቀሻ ውሃ እያቆረ አስቸገረኝ፤ ማዮኔዙንስ በምን ልተካው?

ጠያቂ (ደሴ፣ ፒያሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዲፕ የሚሉትን የቆስጣ ማጥቀሻ ዘይቱንና ጨዉን ቀንሼ መሥራት ፈልጌ ነው። ለ8 ሰው ነው፤ አንዷ ደም ግፊት አለባት። የያዝኩት አሠራር ይህ ነው፦ 1 ኪሎ ቆስጣ፣ ግማሽ ኪሎ አይብ፣ 1 ብርጭቆ ማዮኔዝ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በ200 ዲግሪ 45 ደቂቃ። ሲወጣ ዳር ዳሩ ውሃ ያቁራል፣ አይቡም ይሻክራል። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? በማዮኔዙ ፋንታ ምን ላድርግ? ደግሞስ ኦቨን የሌለበት ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ይሆናል?

የጦሳ ሥር
አብሽሪ እህቴ፣ ይስተካከላል። ውሃው ከቆስጣውም ከአይቡም ነው። ቆስጣ ከ10 እጁ 9ኙ ውሃ ነው፤ ጨውና ሙቀት ሲያገኘው ይለቀዋል። ስለዚህ ውሃው ኦቨን ከመግባቱ በፊት ይውጣ።

ዘንጉን ለይተሽ ቅጠሉን በፈላ ውሃ 1 ደቂቃ ብቻ ንከሪና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺው። ከዚያ እየጨበጥሽ ጭመቂ። በእጅ አልወጣ ሲልሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ አጥብቀሽ ጠምዝዢው። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ጭመቃ ይዘለዋል፤ ውሃ የሚያቁረውም በዚህ ነው። እፍኝ አንስተሽ ስትጨብጪ ጠብ የሚል ከሌለ በቅቷል። መክተፉ ከጭመቃው በኋላ ነው፤ ቀድመሽ ከከተፍሽው ግማሹ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ዘንጉን አትጣይው፣ በስሱ ከትፈሽ ከቀይ ሽንኩርት ጋር እስኪለሰልስ አቁላይው።

አይቡን ወንፊት ላይ ጨርቅ አንጥፈሽ፣ ከላዩ ሳህን ጭነሽ ለ4 ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይጠንፈፍ። የሚሻክረው ሙቀቱ ስለበዛበት ነው። አይብ ሲወጣ በእሳት የረጋ ስለሆነ እንደ ሞዛሬላ አይቀልጥም፤ ከመጠን በላይ ሲጋገር ይኮማተርና የቀረውን ውሃ ይተፋል። 180 ዲግሪ፣ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ውፍረቱ ከ3 ሳንቲም አይብለጥ፤ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ከሆነ መሃሉ ሳይሞቅ ዳሩ ይደርቃል።

ኮምቦልቻ ሠፈር
ስለ ማዮኔዙ ልመልስ። ከ100 ግራም ማዮኔዝ 70 ግራም ያህሉ ዘይት ነው፣ ስለዚህ ግማሹን መቀነስ ሳይሆን ጨርሶ ማውጣት ነው የሚሻለው። በቦታው 2 ብርጭቆ የተቀቀለ ሽምብራ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አስገቢበት። የተቀቀለበትን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርሽ ልክ እንደ ወፍራም እርጎ እስኪሆን ፍጪው። ሽምብራው ትኩስ እያለ ታሽቶ ገለፈቱ ቢወጣ በጣም ይልማል፤ ገለፈቱ ካልወጣ ምንም ያህል ቢፈጭ ጥርስ ላይ ይቀራል።

ደሴ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ከፍታው ስለሚበዛ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እኛ ዘንድ በ94 አካባቢ። ለሽምብራ ይቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም። ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፣ ከተቻለ በፕሬዠር ይቀቀል። ሎሚም ሆነ ቲማቲም ሽምብራው ሳይለሰልስ ከገባ አልበስልም ይላል፤ ሎሚው ፍጪት ላይ ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ጨዉስ? አይብ አጥቼ እርጎ ብጠቀምስ?

ኮምቦልቻ ሠፈር
ጨው ለሁሉም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ አድርጊ፤ ወደ 2.5 ግራም ነው፣ ለ8 ሲካፈል ለአንድ ሰው 0.3 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ቆስጣ ራሱ ጨው ጨው ስለሚል ከተቀላቀለ በኋላ ቅመሺና ጨምሪ። ጣዕሙን የሚሞላው የሎሚ ልጣጭ፣ ጥቁር አዝሙድና ፍሬው የወጣ ቃሪያ ነው። ማጊ አትጨምሪ፣ አብዛኛው ጨው ነውና ድካምሽን መና ያስቀረዋል።

እርጎው ይሆናል፣ ግን ሌሊቱን በጨርቅ ተንጠልጥሎ ካልጠነፈፈ እንዳትሞክሪው። ለ1 ብርጭቆ 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥብጪበት፤ ያለ እሱ ሙቀት ሲያገኘው ይቆራረጣል።

ሰኞ ገበያ
በምጣድ ይሆናል። ዕቃው ምጣዱን እንዳይነካ የብረት መቆሚያ ወይም ሦስት እኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊበት፣ አለዚያ ላዩ ሳይሞቅ ሥሩ ያራል። ዕቃው ዝቅ ያለ የብረት ትሪ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ፓይሬክስ የጋለ ምጣድ ላይ ካረፈ ይሰነጠቃል። ምጣዱን 15 ደቂቃ አግለሽ ክደኚውና 35 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ላብ ተመልሶ እንዳይንጠባጠብ በየ10 ደቂቃው ክፈቺና ክዳኑን በጨርቅ ጥረጊው። መሃሉ ሲፍለቀለቅ ደርሷል። አይቡ ካልፈላ ወተት የወጣ ከሆነ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር የምትበላ ከሆነ፣ ይህን ሳታይ አታውጪ።

ላዩ በምጣድ ቡኒ አይሆንም። ቡኒ ካልሆነ ካላልሽ ብረት ክዳን ግጠሚበትና እንደ ድፎ ዳቦ ፍም ከላይ አድርጊ፤ ፍሙ ግን ደጅ ነው፣ ዝግ ማድ ቤት ውስጥ አደገኛ ነው። ለኔ ግን ቡኒ መሆኑ ግዴታ አይደለም።

የጦሳ ሥር
ለጾም የሚሠራ ካለ፦ አይቡን አውጥቶ ሽምብራውን 3 ብርጭቆ ማድረግ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ተቆልቶ የተፈጨ ሰሊጥ መጨመር። ሰሊጡ ራሱ ዘይት ስላለው የማጥቀሻውን ዘይት ወደ 1 የሾርባ ማንኪያ አውርዱት። ለማጥቀስ የካሮት ቁራጭ ወይም ስስ ቂጣ፤ እንጀራም በጣት ስፋት ተቆርጦ በ150 ዲግሪ ሲደርቅ ጥሩ ይሆናል፣ ግን ሳይቆለመም ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። የተረፈው ማጥቀሻ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ መብራት ብዙ ሰዓት ከጠፋ ግን አትመኑት።