የቃላት ትርጉም፦ «ላይብረሪው አልተጫነም» ስንል የጎደለው የቱ ነው?

ብራና፦
ሴንትኦኤስ 7 በሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ ሶፍትዌር ከምንጭ ኮዱ ለሚገነቡ ሰዎች የሚሆን የአማርኛ መመሪያ እርማት ላይ ነው። ሦስት ቃላት አላስማሙንም። «ኮምፓይል» ማጠናቀር ይባል ወይስ እንዳለ ይተው? «ዲፔንደንሲ»፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም እንዲሠራ የሚያስፈልገው ሌላ ሶፍትዌር፣ ረቂቁ ላይ «ጥገኛ» ተብሏል፤ ጆሮ ይቆረቁራል። የባሰው ግን (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ ላይብረሪ ይባላልና) «ላይብረሪው አልተጫነም» ነው። ሰባት ቦታ ገብቷል፤ ሰባቱም ቦታ ስለ አንድ ብልሽት የሚያወራ አይመስልም። መመሪያው በድምፅም ስለሚነበብ ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደል ጻፉልን።

ዳውላ፦
ጥፋቱ የ«መጫን» ነው። አህያ ይጫናል፣ የደወል ቁልፍ ይጫናል፣ ሶፍትዌርም ይጫናል። ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል፤ ፋይሉን ዲስክ ላይ ማስቀመጥም መጫን፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ላይብረሪውን ወደ ሜሞሪ ማስገባትም መጫን።

ቲመክስን፣ አንዱን ተርሚናል ከፋፍሎ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ እንውሰድ። ሊብኤቨንት የሚባል ላይብረሪ ይፈልጋል። በዚህ በአንዱ ላይብረሪ ሦስት ቦታ መሰናከል ይቻላል፤ ሦስቱንም ሰው «አልተጫነም» ይላቸዋል።

የመጀመሪያው ኮንፊገር ላይ፣ ማለትም ከግንባታው በፊት የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን በሚፈትሸው ስክሪፕት ላይ፣ ነው፦ «ሊብኤቨንት ኖት ፋውንድ»። የም ሊስት (የም ፓኬጅ ማስገቢያው ነው) ሲታይ ግን ሊብኤቨንት ቁጭ ብሏል። ያለው ፕሮግራም ለማስኬድ የሚበቃው ፓኬጅ ነው፤ የጎደለው ራስጌ ፋይሎቹን፣ ማለትም የፈንክሽኖቹን ማስታወቂያ፣ የያዘው ሊብኤቨንት-ዴቭል ነው። መፍትሔው፦ ሱዶ የም ኢንስቶል ሊብኤቨንት-ዴቭል ኤንከርስስ-ዴቭል። አዲሶቹ የቲመክስ ቅጂዎች ቀጥለው «ያክ ኖት ፋውንድ» ካሉ ባይሰን ይጨመር። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ቅጥያው ያለ ኤል «-ዴቭ» ነው፤ በዚህች በአንዲት ፊደል ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ሁለተኛው ኮዱ ተተርጉሞ ካለቀ በኋላ፣ የተተረጎሙትን ቁራጮች አንድ የሚያደርገው አያያዡ (ሊንከሩ) ላይ ነው፦ «ካንኖት ፋይንድ ሰረዝ ኤል ኢቨንት»። አያያዡ የሚፈልገው ከ«ነጥብ ኤስኦ» በኋላ ቁጥር የሌለውን ስም ነው። የማስኬጃው ፓኬጅ የሚያስቀምጠው ግን ባለቁጥሩን ነው። ቁጥር አልባው ስም ወደ ባለቁጥሩ የሚጠቁም አቋራጭ ሲሆን የሚመጣውም ከዴቭል ፓኬጁ ጋር ነው። ላይብረሪው ሌላ ማውጫ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በትልቁ ኤል፣ ማለትም በኤልዲፍላግስ፣ ቦታው ይነገረዋል።

ሦስተኛው ነው ሰውን የሚያበሳጨው። ተገንብቶ አልቋል፣ ሜክ ኢንስቶልም (ሜክ ግንባታውን የሚመራው ትእዛዝ ነው) አልፏል፣ ሲያስነሱት ግን «ካንኖት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል» ይላል። ሊብኤቨንትን ራሱን ከምንጭ ኮድ ገንብተው /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች የሚደርስባቸው ይህ ነው። ሴንትኦኤስ 7 ይህን ማውጫ በራሱ አያስሰውም። /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ/ ውስጥ ሎካል.ኮንፍ የሚባል ፋይል ፈጥሮ «/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» የሚል አንድ መስመር መጻፍ፣ ቀጥሎ ሱዶ ኤልዲኮንፊግ ማለት። ማረጋገጫው ኤልዲዲ ነው፤ የፕሮግራሙን ፋይል ሰጥቶ ከሚዘረዝረው ውስጥ «ኖት ፋውንድ» የሚል መስመር መኖር አለመኖሩን ማየት።

እና «አልተጫነም» ይውጣ። በየቦታው «ዴቭል ፓኬጁ የለም»፣ «አያያዡ አላገኘውም»፣ «ሲነሳ አላገኘውም» ይባል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ትእዛዝ ነው የሚያስመታው።

ራስጌ፦
ጋሽ ዳውላ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር፦ /ዩኤስአር/ሎካል ላይ የተገነባ ላይብረሪ ኮንፊገርም ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ ምክንያቱም ላይብረሪዎች የት እንዳሉ ለኮንፊገር የሚነግረው ፒኬጂ-ኮንፊግም እዚያ አይፈልግም። ፒኬጂ_ኮንፊግ_ፓዝ የሚለውን ተለዋዋጭ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ/ፒኬጂኮንፊግ ብሎ ኤክስፖርት ማድረግ ነው።

ወደ «ማጠናቀር» ስመጣ፣ ቃሉ ተተክሏልና ይቅር አልልም። ግን በሬዲዮ «ዘገባውን ያጠናቀረው» ሲባል ከየቦታው የመጣውን ሰብስቦ አንድ ያደረገው ማለት ነው። ይህ በትክክል የአያያዡ ሥራ እንጂ የኮምፓይለሩ አይደለም፤ ኮምፓይለሩ አንዱን ፋይል ለብቻው ወስዶ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልስ ነው። ስለዚህ አንባቢ «አላጠናቅርም አለ» ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ አይታወቅም። እንደኔ «መገንባት» ለጠቅላላው ሂደት፣ «ማጠናቀር» ለአንዱ ፋይል፣ «ማያያዝ» ለመጨረሻው ይሁን።

በማጠናቀር ደረጃ ሴንትኦኤስ 7 ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት «ፎር ሉፕ ኢኒሻል ዴክላሬሽንስ» ብሎ የሚጀምረው ነው። ኮዱ ስሕተት የለበትም። አብሮ የሚመጣው ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ 4.8.5፣ ካልተነገረው በቀር የሲ ቋንቋን በ1990ው ደንብ ነው የሚያነበው፤ ከጂሲሲ 5 ጀምሮ ነው ነባሪው ወደ 2011ዱ ደንብ የተሻገረው። የኮምፓይለሩ አማራጮች በሚጻፉበት በሲፍላግስ ላይ «ሰረዝ ኤስቲዲ እኩል ጂኤንዩ99» መጨመር ይበቃል። «ሲ99» ሳይሆን «ጂኤንዩ99» ይባል! በ«ሲ99» እንደ ኤስቲአርደፕ ያሉ የፖዚክስ ፈንክሽኖች ማስታወቂያ ከራስጌ ፋይሉ ይሸሸጋል። ጂሲሲ 4.8 ደግሞ ይህን ስሕተት አይለውም፤ በማስጠንቀቂያ ያልፈዋል፤ ፈንክሽኑ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል ብሎ ይገምታል። 64 ቢት ማሽን ላይ አድራሻው ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ይጠፋና ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይወድቃል። «ማስጠንቀቂያ» እና «ስሕተት» በመመሪያው ውስጥ እንዳይቀያየሩ የምንለው ለዚህ ነው።

ለሲፕላስፕላስ ሌላ ወጥመድ አለ። ጂሲሲ 4.8 የ2011ዱን ደንብ በቋንቋ ደረጃ ያውቃል፤ የሬጌክስ (የጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያ) ክፍሉ ግን ቅርፊት ብቻ ነው። ይጠናቀራል፣ ይያያዛል፣ ሲሮጥ ኤክሰፕሽን ይወረውራል። ከ4.9 ጀምሮ ነው የሚሠራው። ለዚህ ፍላግ መነካካት አያድንም፤ አዲስ ጂሲሲ የያዘውን ዴቭቱልሴት-11 ማስገባት ነው።

ቀለም፦
ዴቭቱልሴትን ከማስገባት በፊት ግን የሙ ራሱ አልሠራም ማለቱ አይቀርም። ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ ያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024) ነው፤ ፓኬጆቹ «ቮልት» ወደሚባለው ማኅደር ተዛውረዋል። /ኢቲሲ/የም.ሪፖስ.ዲ ውስጥ ባሉት ፋይሎች «ሚረርሊስት» የሚለውን መስመር በኮመንት መዝጋት፣ «ቤዝዩአርኤል» የሚለውን ከፍቶ «ሚረር» የሚለውን የአድራሻ ክፍል በ«ቮልት» መተካት። ቀጥሎ ዴቭቱልሴት የሚገኝበትን ማከማቻ የሚከፍተው ሴንትኦኤስ-ሪሊዝ-ኤስሲኤል ሲገባ የራሱን አዳዲስ የሪፖ ፋይሎች ይዞ ይመጣል፤ እነሱም አሮጌውን አድራሻ ነው የሚጠቁሙትና እርማቱ ይደገማል። ሁለተኛውን ዙር ረስተው «ዴቭቱልሴት የለም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከገባ በኋላ «ኤስሲኤል ኢኔብል ዴቭቱልሴት-11 ባሽ»። ይህ የሚሠራው በተከፈተው ሼል ውስጥ ብቻ ነው፤ ሲዘጋ ወደ 4.8.5 ይመለሳል።

ስለ «ጥገኛ» ብራና ልክ ነሽ። ቃሉ ራሱ አይደለም የሚቆረቁረው፣ የተገለበጠ መሆኑ ነው። ጥገኛ ማለት በሌላው ትከሻ የሚኖር ነው፤ ጥገኛ ተውሳክ እንደሚባለው። ቲመክስ የሊብኤቨንት ጥገኛ ነው ቢባል ያስኬዳል። ረቂቁ ግን «የቲመክስ ጥገኞች» ብሎ ሊብኤቨንትን ይዘረዝራል፤ ተሸካሚው ተሸካሚነቱ ቀርቶ ተውሳክ ሆነ። «ተፈላጊ ፓኬጅ» ይበቃል።

ብራና፦
ተቀብዬዋለሁ። «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» የሚለው የአያያዡ ስሕተትስ? «ያልተተረጎመ ማጣቀሻ» ተብሏል።

ራስጌ፦
እሱ ምንም ማለት አይደለም። ስሙ ተጠርቷል፣ አካሉ አልተገኘም፤ «የተጠራው ፈንክሽን አካል አልተገኘም» ይባል። እዚህ ላይ ራስጌ ፋይሉ እንዳለ ይሰመርበት፤ ባይኖር ኖሮ ማጠናቀሩ ላይ ይቆም ነበር።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተል ነው። አያያዡ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድበታል። ከነጥብ ኤ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውስጥ ተቀድቶ ከሚገባው ዓይነት፣ የሚያነሳው እስከዚያ ድረስ የተጠየቀውን ብቻ ነው። ገበያ ደርሶ የተመለሰን ሰው በርበሬ አልቋል ብትለው ከቤት ሆኖ አያመጣልህም፤ ላይብረሪውም ከጠሪው ፋይል በፊት ከተጻፈ እንዲሁ ነው። «ሰረዝ ኤል» የሚሉት ሁሉ ከነጥብ ኦ ፋይሎቹ (ከተጠናቀሩት) በኋላ ይሰለፉ። ኡቡንቱ ከ11.10 ጀምሮ በኤስኦ ላይብረሪዎችም ላይ እንዲሁ ስለሚያጠብቅ፣ ሌላ ቦታ ይሠራ የነበረ ሜክፋይል እዚያ ይሰበራል።

ሌላው ሰዓት የሚያነበው ፈንክሽን፣ ክሎክ_ጌትታይም፣ ነው። ግሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) 2.17 ላይ ወደ ዋናው ላይብረሪ ገባ፤ ከዚያ በፊት ሊብአርቲ ውስጥ ነበር። ሴንትኦኤስ 7 ግሊብሲው 2.17 ስለሆነ ምንም አይልም፤ ያው ኮድ ሴንትኦኤስ 6 ላይ፣ በ2.12፣ «ሰረዝ ኤልአርቲ» መጨረሻ ላይ ካልተጨመረ አይያያዝም።

ባልተገኘው ፈንክሽን ስም ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» የሚል ካለ ግን ቅደም ተከተል አይደለም። ላይብረሪው በጂሲሲ 5 ወይም ከዚያ በኋላ በመጣው ተገንብቷል፣ ፕሮግራሙ በ4.8፤ የስትሪንግ አሠራሩ ተለውጧል። ሁለቱንም በአንድ ኮምፓይለር መገንባት ነው።

ዳውላ፦
«ባክዋርድ ኮምፓቲብል» ረቂቁ ላይ «ወደኋላ ተኳኋኝ» ተብሎ አይቻለሁ። አማርኛ እዚህ ጋ ያምታታል፤ «በፊት» ያለፈው ነው፣ «ወደፊት» የሚመጣው ነው፤ «በኋላ» የሚመጣው፣ «ወደኋላ» ያለፈው። አንባቢ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ አያውቅም። «ከቀድሞው ጋር የሚስማማ» ይሁንና አቅጣጫው ተዘርዝሮ ይጻፍ፦ በግሊብሲ 2.17 የተገነባ በ2.28 ይሮጣል፤ በ2.28 የተገነባ በ2.17 «ቨርዥን ግሊብሲ 2.28 ኖት ፋውንድ» ሊል ይችላል። ማጣሪያው ኦብጅደምፕ በትልቁ ቲ ነው፤ ከውጤቱ ግሊብሲ የሚሉትን አውጥቶ ትልቁን ቁጥር ማየት።

መፍትሔው አሮጌው ማሽን ላይ መገንባት ነው። ሊብሲ.ኤስኦ.6ን ከሌላ ማሽን አምጥቶ በላዩ መጻፍ በመመሪያው በቀይ ይከልከል፤ ከዚያ በኋላ ኤልኤስ እንኳ አይሠራም፣ ለማስተካከልም ሲፒ የለም። የፌዶራ ፓኬጅ እየለቀሙ ሴንትኦኤስ ላይ መለጠፍም ያው ነው፤ ሥርዓቱ ድሪቶ ይሆናል፣ ቀጣዩ የም አፕዴት ላይ ይተረተራል።

ቀለም፦
«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው በመመሪያው መግቢያ ቢሰፍር ያስኬዳል፤ ግን ከነምክንያቱ። ሰው የሚለጥፈው የመጨረሻውን መስመር ነው፣ «ሜክ፣ ሦስት ኮከብ፣ ኤረር 2»። ይህ ሜክ ተስፋ መቁረጡን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በ«ሰረዝ ጄ8» ሲገነባ የስምንት ፋይል ወሬ ይደባለቃል፤ «ሜክ ሰረዝ ጄ1» ብሎ፣ ውጤቱን በቲ ትእዛዝ ወደ ፋይል ቀድቶ፣ ከላይ ጀምሮ «ኤረር» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር መፈለግ። ኮንፊገር ላይ ከሆነ የቆመው ኮንፊግ.ሎግ ውስጥ የተሞከረችው ትንሽ ኮድና ትክክለኛው ስሕተት አሉ።

«ኪልድ» እና «ሲሲ1ፕላስ» የሚሉ ቃላት አብረው ከታዩ ኮምፓይለሩን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ ገድሎታል፤ ዲኤምኤስጂ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል ይገኛል። ጄውን ወደ 1 ማውረድ፣ ካልበቃም 2 ጊጋባይት ስዋፕ ፋይል መጨመር።

ራስጌ፦
ሜክ የሚያወጣውን የ«ክሎክ ስኪው» ማስጠንቀቂያ «የሰዓት መዛነፍ» በሉት፣ ጥሩ አማርኛ ነው። ያረጀ ማሽን የማዘርቦርድ ባትሪው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032፣ ሲሞት ሰዓቱ ወደ ድሮ ይመለሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱን ማስገባትም ያው ነው፤ ማሽኑ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ሜክ የሚመራው በፋይሎች ቀን ስለሆነ ምንጩ ከወደፊት የመጣ ይመስለዋል፤ ኮንፊገር ደጋግሞ ይነሳል፣ ማውረዱም የምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም ይላል። በዴት አስተካክሎ «ኤችደብልዩክሎክ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ሲስቶኤችሲ» ማለት። ፋይሎቹን ሁሉ በተች መንካት አይመከርም፤ ቅደም ተከተላቸው ሲፈርስ ሜክ «አክሎካል የለም» የሚል አዲስ ጣጣ ያመጣል። ማውጫውን አጥፍቶ ታርቦሉን (የታሸገውን ምንጭ ኮድ) እንደገና መፍታት ይሻላል።

ብራና፦
የመጨረሻ፦ «ፓች»፣ ማለትም ኮድ ላይ የሚደረገው ለውጥ የተጻፈበት ፋይል?

ዳውላ፦
እራፊ። ግሱ መጣፍ። «ፓች ሰረዝ ፒ1» ሲባል 1ዱ በእራፊው ውስጥ ከተጻፈው የፋይል አድራሻ የመጀመሪያውን ማውጫ ቁረጥ ማለት ነው፤ ጊት የሚያወጣው «ኤ/» እና «ቢ/» ስለሚጨምር ነው። መጀመሪያ በ«ሁለት ሰረዝ ድራይ-ረን» ይሞከር። «ኦፍሴት» ካለ ቦታው ጥቂት መስመር ተንሸራትቷል፣ ችግር የለም። «ፈዝ» ካለ ዙሪያው ያለው ኮድ ተለውጧልና በዓይን ይታይ። «ፌይልድ» ካለ ያልገባው ቁራጭ ነጥብ አርኢጄ በሚል ፋይል ተቀምጧል፤ በእጅ ይጣፋል።