ክፍት የዳሌ አጥንት ስብራት፦ በምን እንመድበው? ኮሎስቶሚስ መቼ?

ጠያቂ (ጠቅላላ ሐኪም)፦
ሰላም ባልደረቦቼ። ባለፈው ተረኝነቴ መኪና የወጣበት ወጣት መጣ። የደም ግፊቱ 80 በ50፣ የልብ ምቱ 130። ራጁ ላይ የዳሌው የፊት መጋጠሚያ ተከፍቷል፣ የኋላውም ተላቋል፤ ከፊንጢጣው አጠገብ ሰፊ ቁስል አለ፣ ማለትም ስብራቱ ከቁስል ጋር የተገናኘ ክፍት ስብራት ነው። ደም እየሰጠን ሪፈር አደረግነው። ለሚቀጥለው ተዘጋጅቼ መጠበቅ እፈልጋለሁ። እንደ እግር ስብራት በጉስቲሎ (የክፍት ስብራት ክብደት ደረጃ) መመደብ ይበቃል? ኮሎስቶሚስ (አንጀትን በሆድ በኩል አውጥቶ ሰገራን ከቁስሉ ማራቅ) ወዲያው ነው የሚሠራው?

የአጥንት ቀዶ ሐኪም፦
ወንድሜ፣ ጉስቲሎ ለረጃጅም አጥንቶች የተሠራ ነው። ዳሌ ላይ መጀመሪያ የሚገድለው ደም መፍሰስ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ኢንፌክሽን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ምደባው ሁለቱን ማሳየት አለበት። የዳሌውን ቀለበት (የዳሌ አጥንቶች የሚሠሩትን ክብ) ጉዳት በያንግና በርጀስ ወይም በታይል የዳሌ ስብራት ምደባ ጻፍ። ከዚያ የጆንስን ደረጃ ጨምር፦ ቀለበቱ ካልላላ 1፤ ከላላ ግን የሰገራ ብክለት የማያሰጋው ከሆነ 2፤ ከላላና ፊንጢጣው ወይም አካባቢው ቆስሎ ሰገራ የሚደርስበት ከሆነ 3። ያንተ ታካሚ ሦስተኛው ነው። የቁስሉን ቦታም በፋሪንገር ዞን መዝግብ፤ ዞን 1 በፊንጢጣና በብልት ዙሪያ ያለው ሲሆን፣ የኮሎስቶሚውን ውሳኔ በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው።

ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም፦
ምደባው ግን ደሙ እስኪቆም ይቆይ። የዳሌ ማሰሪያው የሚታሰረው በታፋ አጥንት የጎን ጉብታዎች (ትሮካንተር) ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ሆድ ከፍ ብሎ ታስሮ አያለሁ፤ እዚያ ላይ ቀለበቱን በደንብ አይዘጋም። ዳሌው ላልቶ እንደሆነ ለማየት እየገፋችሁ አትፈትሹ፣ የረጋውን ደም ያስነሳል። ቁስሉን በጎዝ (በቁስል ማሸጊያ ጨርቅ) ጥብቅ አድርጋችሁ ሙሉት። ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት) 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ጉዳቱ ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ፤ ቀጥሎ 1 ግራም በ8 ሰዓት። በዚህም ግፊቱ ካልተመለሰ ፓኪንግ (ዳሌውን በቀዶ ሕክምና ከፍቶ በጨርቅ መጠቅጠቅ) ወይም የደም ሥር መድፈን ያስፈልገዋል፣ ሪፈሩን አታዘግዩ።

ኮሎስቶሚ ሾክ (የደም ዝውውር መውደቅ) ላይ ላለ ሰው ቀዳሚ ሥራ አይደለም። ከተረጋጋ በኋላ፣ ብዙዎቻችን በ48 ሰዓት ውስጥ እንሠራዋለን። ስቶማው (አንጀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ) ከፍ ብሎ የላይኛው ሆድ ላይ ይውጣ፤ ታች ከወጣ የአጥንት ሐኪሙ በኋላ የሚከፍትበትን ቦታ ይበክልበታል። ቁስሉ የዳሌው ክንፍ ላይ ብቻ ከሆነና አንጀት ካልተነካ ኮሎስቶሚ አያስፈልግም።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
አንቲባዮቲክ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይሰጥ፣ የቲታነስ መከላከያውም አይረሳ። የሽንት ቧንቧው ጫፍ ላይ ደም ካያችሁ ካቴተር በግድ አታስገቡ፤ መጀመሪያ ሬትሮግሬድ ዩሬትሮግራም (በሽንት ቧንቧው ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ራጅ) ይነሳ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሴት ታካሚ ብትሆንና ከውጭ ምንም ቁስል ባይታይስ?

የአጥንት ቀዶ ሐኪም፦
ይህን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ ከሁሉም የሚያመልጠው እሱ ነው። ዳሌዋ የተሰበረ ሴት ሁሉ በፊንጢጣም በብልትም በኩል መመርመር አለባት። የሹል አጥንት ስብርባሪ ሊኖር ስለሚችል ጣትህን በዝግታ አስገባ። ደም ካየህ የወር አበባ ነው ብለህ አትለፈው፤ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ክፍት ስብራት ነው። ይህን በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ጻፈው፤ ቁስሉ ካልታጠበ በቀናት ውስጥ ይመግላል። እኛ ቀለበቱን ከውጭ በኤክስተርናል ፊክሰተር (ከቆዳ ውጭ ያለ የአጥንት መያዣ ብረት) ይዘን፣ ቁስሉን በየ24 እስከ 48 ሰዓቱ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ እናጥባለን።